አባባ የሠሩት ሰማያዊ አይሱዙ

ውድ ወንድሜ አብዱልሃዲ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ባለህበት በጅዳ ጤናህን ይጠብቅልህ። እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ሮቢት ላይ ሁላችንም ደህና ነን።

አባባ መንዳት ካቆሙ ወዲህ እጃቸው ሥራ አልፈታም። አሁን ደግሞ የአይሱዟችንን አምሳያ ክንድ በምታህል እንጨት እየሠሩ ነው። ጎማውን ከአሮጌ ሸበጥ ቆርጠው አወጡ። አንተ ጀውሃ ላይ አጋጭተህ ያጎበጥከውን መከላከያ እንኳ አልረሱም፤ ቆርቆሮ ቀጥቅጠው ልክ እንደዚያው አጎበጡት። ቀለሙን ግን ሰማያዊ ቀቡት።

"አባባ፣ እኔ እኮ አምና ነጭ አስቀብቼዋለሁ" ብላቸው፣ "አብዱልሃዲ ሲነዳው ሰማያዊ ነበር" አሉኝ።

ትናንት ደግሞ ከመሪው ኋላ ትንሽ ሰው ቀርጸው አስቀመጡ። ማን እንደሆነ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ።

"ወንድምህ ነዋ! እሱ እስኪመጣ ዋናውን አንተ ትነዳ የለ?"

እነዳለሁ እንጂ። ሽንኩርት ጭኜ የደብረ ሲናን ዳገት ስወጣ ሞተሩ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። እጄን ለምዷል፣ ከሌላ ሰው ጋር እንዲህ የሚሆን አይመስለኝም።

ለአረፋ ትመጣለህ ሲሉ ሰማሁ። አላህ በሰላም ያምጣህ። እዚያ ሥራው ከተመቸህ ግን ለእኛ ብለህ አትቸኩል፤ እዚህ ምንም የጎደለ ነገር የለም።

ዱዓው የማይለይህ ታናሽህ፣
ሱፍዋን