ሴቷን ዶሮ አውራ ብለው ለፈረዱልን ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ ሽበሺ
የሰፈራችን ዕድር ሰብሳቢ
ታቦር፣ ሀዋሳ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤናና ሰላም እመኛለሁ፤ በተለይም ለዓይንዎ። ይህን ደብዳቤ በዕድራችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ቤትዎ መምጣት አቅቶኝ አይደለም። ስሜን ያጠፉት ሰው በተሰበሰበበት ስለሆነ፣ መልሱም ሰው ሁሉ የሚያየው እንዲሆን ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ ጎረቤቶች ላስረዳ። ኅዳር ላይ ከአጥር ጎረቤቴ ከዘነበች ጋር ጫጩት ልናስፈለፍል ተስማማን፤ እንቁላሉ የእሷ፣ የምትታቀፈው ዶሮ የእኔ፣ ቄቦቹንም አውራዎቹንም እኩል ልንካፈል። ከተፈለፈሉት ገሚሱን ጭልፊት ወሰደብን። የተረፉት ጥር ላይ ጠንከር ሲሉ፣ የትኛው ሴት የትኛው ወንድ እንደሆነ ደጃፌ ላይ ቆመን እየተሳሳቅን ስንከራከር እርስዎ በመንገድ ሲያልፉ ሰሙንና ማንም ሳይጠራዎት ሊዳኙን ገቡ። ለዚህ ቸርነትዎ ከልብ እያመሰገንኩ ቅሬታዎቼን አቀርባለሁ።

፩. ጫጩቶቹን አንድ በአንድ በእግራቸው ዘቅዝቀው ያዙና ራሱን ቀና ያደረገውን ሁሉ ወንድ ነው አሉ። የተዘቀዘቀ ፍጡር ሁሉ ራሱን ቀና እንደሚያደርግ ልነግርዎት ብሞክር፣ አናታቸው ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ እያሳዩ "ይኸው ምስክሩ" አሉኝ። የፈረንጅ ዘር ስለሆኑ ሴቶቹም እንዲህ ያለ እንደሚያወጡ፣ ጥቂት ሳምንት ብንታገሥ የወንዱ የወገብ ላባ ሾጠጥና ረዘም ብሎ፣ የሴቷ ደግሞ ክብ ሆኖ እንደሚለይ ባስረዳዎት፣ "በዚህ ዕድሜዬ ወንድና ሴት መለየት ታስተምሪኛለሽ?" ብለው ሳቁብኝ። አላስተማርኩዎትም፤ ይኸው ሳይማሩ ቀሩ።

፪. ሁሉም ወንድ ናቸው ብለው ፈርደው እኩል ካካፈሉን በኋላ፣ ሴቶቹ ታዲያ የት ሄዱ የሚለውን ራስዎ ጠይቀው ራስዎ መለሱት። በወሩ ስብሰባ ላይ ተነሥተው "ታቢታ ቄቦቹን ቡሹሎ ወዳለችው እህቷ አሻግራለች" አሉ። በዚያው ቀን የዕድሩን ድስትና ሳህን የምጠብቅበትን የዕቃ ቤት ቁልፍ ተቀበሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ገብቼ ስቀመጥ አጠገቤ ያሉ ሴቶች ቦርሳቸውን ወደ ጎናቸው ሲስቡ አይቻለሁ።

፫. ከሁሉ ያንገበገበኝ ይህኛው ነው። ዘነበች አመነችዎት። በየዓመቱ ለፊቼ በዓል ወደ ጉዱማሌ አደባባይ አብራኝ የምትሄድ ሴት ዘንድሮ መንገድ ላይ ስታየኝ ፊቷን አዞረች። ከደረሷት "አውራዎች" ትልቁ አልጮኽ ሲላት እርስዎን ብትጠይቅዎት፣ "ዝምተኛ ነው፤ ሲደርስ ይጮኻል" ብለው አሰናበቷት። በፋሲካ ዋዜማ አርዳ ሆዱን ስትከፍተው ከትልቅ እስከ ትንሽ የተደረደሩ አስኳሎች አገኘች። እጇን እንኳ ሳትታጠብ በሳህን ይዛቸው ደጃፌ ላይ ቆመች። "ታቢታዬ፣ ሴት ነበረች" አለችኝ። ስንት ጊዜ በልቤ ያዘጋጀሁት ክፉ ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። ሳህኑን ተቀብዬ አብሬያት አለቀስኩ።

በዓሉ እንዳለፈ ሁለታችንም ቤትዎ መጣን። ይቅርታ ይሉናል ብለን ነበር። እርስዎ ግን "ምናልባት ኋላ ላይ ተለውጣ ይሆናል፤ ያለፈውን አንቆስቁስ" አሉን። አቶ ሽበሺ፣ ዶሮዋ አልተለወጠችም፤ ቅርፊቷን ሰብራ ስትወጣም ሴት ነበረች። እኔም ሌባ ሆኜ አላውቅም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ያን ጊዜ በቆሙበት ቦታ ቆመው፣ ያን ጊዜ በተናገሩበት ድምፅ "ታቢታ አልሰረቀችም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" እንዲሉ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ይህ ካልሆነ ዘነበች አብራኝ ከዕድሩ እንደምትወጣ ነግራኛለች፤ ተከትለውን ሊወጡ የተዘጋጁ ሴቶችም ጥቂት አይደሉም።

ዕውቀትዎን ሳይሰስቱና ሳይጠየቁ ለሚያካፍሉን ትጋትዎ ያለኝን ጥልቅ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ረጅም ዕድሜና አጭር ፍርድ እመኝልዎታለሁ።

አክባሪዎ
ታቢታ፣ ከዘነበች አጥር ማዶ

ማሳሰቢያ፦ በእኔ ድርሻ የቀሩት "አውራዎች" በዚህ ሳምንት እንቁላል መጣል ጀምረዋል። ለቁርስዎ ጥቂት ልልክልዎት አስቤ ነበር፤ የአውራ ዶሮ እንቁላል ለሆድ ይስማማ አይስማማ የሚያውቅ ሰው ስላጣሁ ግን ተውኩት።