ከጉድጓዱ አፍ የሚመጣ ድምፅ

ውድ ነጎድጓድ፣

እጄ ብዕር እንደማያውቅ ታውቃለህ። የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ናት፤ ያቺ ቤተ ሙከራ ውስጥ ልብ የምታጠናዋ። ያልኩትን ሳታሳምር እንድትጽፍ ቃል አስገብቻታለሁ።

አንተ ልጅህ ጋ ለመኖር ከሄድክ በኋላ ልቤ ጣለኝ። ደጃፌ ላይ እንደተቀመጥኩ ደረቴ ጭምድድ አለ። ከዚያ ወንበሩም ግድግዳውም ራቀኝና ቁልቁል ወረድኩ። እርጥብ አፈር ሸተተኝ። ቀና ስል ሰማዩ የሳንቲም ያህል ሆኗል፤ እሱንም ያ ትልቅ ጭንቅላትህ ከልሎታል።

ትዝ ይልሃል? የውኃ ጉድጓድ ስንቆፍር እኔ ከታች፣ አንተ ከላይ ገመድ ይዘህ። አየር ሲያጥረኝ ልቤ ይሸበራል፤ በተሸበረ ቁጥር የቀረችውንም አየር እጨርሳታለሁ። ያኔ ከላይ ታንባርቅብኛለህ፦ "አንተ ስግብግብ! ለነገም አስተርፍ እንጂ! ቀስ ብለህ ተንፍስ!" ሳቄ ይመጣል፣ እረጋጋለሁ፣ ስበህ ታወጣኛለህ። ደጃፌ ላይ የወደቅኩ ዕለትም እንደ ጥንቱ ስትሰድበኝ ሰማሁህ።

ይህን ለልጅቷ ነገርኳት።

"አባባ፣ ልብ ውስጥም እንዲህ ያለ ነገር አለ" አለች።

እሷ እንደምትለው፣ ልብ አየር ሲያጥረው ነርቮቹ ይደነግጡና የሚያስደነብር ንጥረ ነገር ያፈስሱበታል፤ ምቱ ይዘበራረቃል። ያኔ ሂስታሚን የሚባለው፣ ያ ገላዬን የሚያሳክከኝ፣ የሚያስነጥሰኝ ጉድ፣ ነርቮቹ ጫፍ ላይ ያለው፣ እንደ ጆሮ የሆነው ተቀባዩ ላይ ያርፍና "በቃ፣ ቀስ" ይላቸዋል።

"ነጎድጓድ ነዋ!" አልኳት።

"ገና በእንስሳት ልብ ላይ ነው የምናየው። ተቀባዩም ብዙ ዓይነት ነው፤ ሁሉም ደግ አይደለም።"

"ነጎድጓድስ መቼ ደግ ሆኖ ያውቃል?"

ሐሙስ ደረቴን ይከፍቱታል። ልቤን ለጊዜው አቁመው ይጠግኑታል አሉ። ፈሪ አይደለሁም። "አስምሪበት" አልኳት፣ አሰመረችበት። ግን ከላይ ሰው ሳይቆምልኝ ጉድጓድ ወርጄ አላውቅም፤ ሸምግዬም አልጀምርም። ለሐኪሙም "ሰውዬው ካልመጣ አልገባም" ብዬ ቁርጡን ነግሬዋለሁ።

"ዘመድዎ ነው?" አለኝ።

"ገመዴን የሚይዘው ነው" አልኩት።

ስለዚህ ና። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ወደ ውስጥ አያስገቡህም፤ ግድ የለም፣ ያንተን ድምፅ የከለከለ በር አላየሁም። ሲያስገቡኝ ስደበኝ። መውጣቱን ለእኔ ተወው።

አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ያተመው፣
ያው ስግብግቡ ነው።