በዋስ የተያዘው የዳሊያ ሥር

ጋይንት፣ አርብ ገበያ፣ ታኅሣሥ ፭ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበትሽልኝ? የሐኪም ቤቱ ሥራ እንዴት ይዞሻል? የሌሊት ተራ ሲደርስሽ እግርሽ ያብጥ ነበር፤ አሁንስ ተሻለሽ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ያጉረመርማል፤ ፀሐይ ሲነካው ዝም ይላል። እጄ አለመንቀጥቀጡን ከፊደሌ ታይዋለሽ።

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ክፍሉ ተለስኖ፣ አልጋው ገብቶ፣ መስኮቱ ወደ ጓሮ እንደሚከፈት ሳነብ ደስ አለኝ። «ቤቱን ለሰው አስረክበው፣ የአበባዎን ሥር በጆንያ ይዘው ጎንደር ይምጡ፤ እስከ ገና ቁርጡን ይንገሩኝ» ብለሻል። ቁርጡን እነግርሻለሁ። ነገር ግን አባትሽ ከመልሱ በፊት አሠራሩን ማሳየት እንደሚወድ ታውቂያለሽና ታግሠሽ አንብቢ።

ካቻምና በካርቶን የላክሽልኝ የዳሊያ አበባ በመጀመሪያው ክረምት እንዴት እንዳማረ ጽፌልሽ ነበር። አምና ኅዳር ላይ ውርጭ ቅጠሉን ሲያጠቁረው ግንዱን ከታች ቆርጬ፣ ሥሩን በጥንቃቄ ቆፍሬ አወጣሁት። ጥላ ውስጥ አደረቅሁት፤ ከዚያም በእንቅብ ደረቅ አመድ ውስጥ ቀብሬ ከቆጡ ሥር አስቀመጥሁት። ሥሩን አይተሽዋል። ድንች ይመስላል፤ ከአንድ አንገት ላይ እንደ ጣት ተያይዞ ይወርዳል። መጥፎው ነገር ድንች መምሰሉ ነው።

በመጋቢት ለጡረታዬ ጉዳይ ደብረ ታቦር ሄድሁ። የሚፈርመው ሰው ሐዘን ደርሶበት አገሩ ገብቶ ስለነበር ካሰብሁት በላይ ቆየሁ። በዚያ ወር ደግሞ የመድኃኔዓለም ጽዋ በእኔ ቤት ነበረ። ቁልፌን የምተወው፣ አንቺ እትዬ ከምትያት ከጎረቤታችን ከወይዘሮ ውባለም ዘንድ መሆኑን ታውቂያለሽ። ቀኑ ሲደርስና እኔ ስቀር «ጽዋ ተቀብሎ የጠፋ ሰው ተብለው ስማቸው አይነሣም» ብላ ቤቴን ከፈተች፤ ከራሴ ጎተራ እህል አውጥታ፣ ጠላውን ጠምቃ፣ ማኅበሩን አስተናገደችልኝ። ጾም ነውና ወጡ የድንች ወጥ ነበረ። ድንቹንም ከእንቅቡ አመድ ውስጥ አገኘችው።

ስመለስ መንገድ ላይ መሪጌታ ቀለመወርቅን አገኘኋቸው። እንደምታውቂያቸው የማኅበራችን ካህን ናቸው፤ ቀልድና ምግብ አያልፋቸውም። «መምህር፣ ድግስዎ ሰምሮ ነበር። ድንቹ ብቻ ጥርስ ላይ ይጮኻል፤ ምን ዓይነት ዘር ነው?» አሉኝ። «እኔ ድንች የለኝም» አልኋቸው፤ ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሳያልቅ ነገሩ ገባኝ።

ቤት ስደርስ እንቅቡ ታጥቦ ተሰቅሏል። ወይዘሮ ውባለም «አመዱንም ደፋሁልዎ። ድንች አመድ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው አይቼ አላውቅም» አለችኝ። ነገርኋት። መደቡ ላይ ቁጭ አለች። «አበባ?» አለች። «ማኅበሩ በሙሉ አበባ በላ?» ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ መሳቅ ጀመረች፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ።

ሌሊቱን ግን አዘንሁ። እናትሽ ካረፈች፣ ትምህርት ቤቱም ካሰናበተኝ በኋላ፣ ጠዋት ከአልጋዬ የሚያስነሣኝ ያ የአበባ መደብ ነበር። ለአንቺም በሚያዝያ ስጽፍልሽ «ወደ ጎንደር መምጣቱን አስብበታለሁ» ያልሁሽ ስለዚህ ነው። የሚያስቀረኝ ነገር አልነበረም።

ሰኔ ላይ ወይዘሮ ውባለም በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። «መምህር፣ ጓሮዬ የማላውቀው አረም አብቅሏል። ልነቅለው ነበር፤ እስኪ ይዩልኝ» አለች። ሄጄ ከፍጉ ክምር አጠገብ ተንበረከክሁ። ቅጠሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ትይዩ የወጣ፣ ግንዱ ወፍራም፤ ዳሊያ ነበር። ያን ጊዜ ለወጡ የሥሩን ጣቶች እየቆረጠች ስትልጥ አንገቱን ከነልጣጩ ፍጉ ላይ ጥላዋለች። ቡቃያ የሚያወጣው የዳሊያ ዓይን ያለው ደግሞ አንገቱ ላይ ነው። ፍጉ አሙቆት፣ ዝናቡ አጠጥቶት በቀለ። እሷም አላወቀች፣ እኔም አላሰብሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ በእሷ ጓሮ ሆነ። በመንገድ ዞሬ መግባቱ ሲበዛብኝ አጥሩን እሷው በጎን በኩል ከፈተችው። እንጨት ተከልሁ፤ ግንዱን እንዳይቆርጠው በገመድ ሳይሆን በአሮጌ ጨርቅ አሰርሁት። ጫፉን ስቀጥፍ «ምን በደለዎት አንገቱን የሚቀነጥሱት?» ብላ ጮኸችብኝ። ቅርንጫፍ እንዲያወጣ ነው ብዬ አስረዳኋት። እንቡጡ ሲወጣ ደግሞ ከሦስቱ መካከለኛውን ትቼ የግራ ቀኙን ማንሣት ስጀምር እጄን ያዘችኝ። «ሦስት የወለደችን እናት ሁለቱን ጣይ ይሏታል?» አለች። ተከራከርን። በመጨረሻ ግማሹን እኔ እንደማውቀው፣ ግማሹን እሷ እንደምትወደው ተውነው። የእኔዎቹ እንደ ሻይ ሳህን ሰፍተው ወጡ፤ የእሷዎቹ ትናንሽና ብዙ ሆኑ። አላፊ አግዳሚው የእሷን ይመርጣል። ለትምህርት አይመችም፣ ነገር ግን እውነት ነው።

ወርኃ ጽጌ ሲገባ የመጀመሪያውን ትልቅ ቀይ አበባ ቆርጣ ወደ ማርያም ወሰደችው። ለማን እንደሆነ ስጠይቃት «ለወለተ ጊዮርጊስ ነው፤ የአበባ መደብዎን ከእርስዎ ጋር የቆፈረችው እሷ አይደለችም እንዴ?» አለችኝ። ስለ እናትሽ እንዲህ ያለ ቃል ከሰው አፍ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ «እንግዲህ ውርጩ ሲመጣ ሥሬን ቆፍሬ እወስዳለሁ» አልኋት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን ከወይራው ሥር ለተቀመጡት ሽማግሌዎች ነገሩን አቀረበችው። የማኅበራችን ሙሴ፣ ማኅበሩን የሚመሩት አቶ ይርዳው፣ ሁለታችንን ሰምተው ብዙ አልተቸገሩም። «ዘሩ የመምህር፣ መሬቱና ፍጉ የውባለም። ይህማ የእኩል እርሻ ነው፤ እኩል ተካፈሉ» አሉ።

እኔም አሠራሩን አስረዳሁ። ሥሩን በኅዳር መክፈል አይቻልም፤ ዓይኑ ተደብቋል። ግንቦት ላይ ሲያብጥ ታይቶ ነው በቢላዋ የሚለየው፤ ያለ ዓይን የተቆረጠ ጣት መሬት ውስጥ ይበሰብሳል። «እንግዲያው እስከ ግንቦት ዋስ ይጥሩልኝ» አለች ወይዘሮ ውባለም።

ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ይርዳው «ልጆቻችንን ፊደል ያስቆጠሩትን ሰው በአበባ ሥር ዋስ ይጥሩ ልንላቸው ነው?» አሉ። እሷ ቀና ሳትል «ልጃቸው ጎንደር ጠርታቸዋለች። በጆንያ ይዘው ቢሄዱስ? የሄደን ሰው በምን ይይዙታል?» አለች።

ደብዳቤሽን ያነበብሁላት እኔ ነኝ። ሳነብላት ጥጥ ትፈትል ነበር፤ ክሩ ደጋግሞ ተበጠሰባት።

ሳቁ ቆመ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጥያቄ ስሰማ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ልጅ የጠየቀውንና ሊጠይቅ የፈለገውን መለየት ሥራዬ ነበር። «ዋስ እጠራለሁ» አልሁ። መሪጌታ ቀለመወርቅ ተነሡ። «ዋሱ እኔ ነኝ። ሥሩም ባለ ሥሩም ከጋይንት አይወጡም። ቢጠፉ እኔን ያዙኝ፤ የአምናው ሥር እንደሆነ ሆዴ ውስጥ ነው» አሉ።

እንግዲህ ልጄ፣ ቁርጡ ይህ ነው። በዋስ የተያዘ ሰው ነኝና ለመኖር አልመጣም። ይህን ስጽፍልሽ ልቤ ሙሉ ነው፤ ስለ ሽማግሌ አባትሽ ብቻውን መሆን አትጨነቂ። ክፍሉን በማሰናዳትሽ ግን ያገኘሁትን ደስታ አላሳንሰውም። አልጋውን አታስወጪው፤ ሰፋ ያለ ከሆነ ደግሞ ደግ ነው። ከግንቦት በፊት ከወይዘሮ ውባለም ጋር ልንጠይቅሽ እንመጣለን። መሪጌታ ለጥቂት ቀን ፈቅደውልናል።

ውርጩ በኅዳር ማርያም ሰሞን ወረደ። ሥሩን አብረን ቆፈርነው፤ ካቻምና ከላክሽው ይልቅ በዝቷል። አሁን በአንድ እንቅብ አመድ ውስጥ በእኔ ቆጥ ሥር ነው፤ ቁልፉ እንደ ድሮው በእሷ እጅ ነው። አጥሩን ልጠግን እንጨት አስመጥቼ ነበር፤ «ለከርሞ ዳሊያ መደገፊያ ይሆናል» ብላ ወሰደችብኝ። ክፍቱ እንዳለ አለ።

ወይዘሮ ውባለም «ለልጄ ሰላምታዬን ይጻፉልኝ፤ እግሯን በሞቀ ውኃና ጨው ትዘፍዝፈው» ብላሻለች።

አንድ ነገር ልለምንሽ። በጥር፣ ጥምቀት አልፎ የሠርጉ ሰሞን ሲገባ፣ ከሥራሽ ፈቃድ ጠይቂና ነዪ። ምክንያቱን ሲጠይቁሽ «የቤተሰብ ጉዳይ» ብለሽ ጻፊ፤ ውሸት አይሆንብሽም።

የእናትሽ አምላክ በመውጣት በመግባትሽ ይጠብቅሽ። እጅሽ የነካው ሕመምተኛ ይዳን። የወለድሽውን ለማየት ያብቃኝ።

የሚወድሽ
አባትሽ