የዛፏ ቢጫ ክር

ሐሙስ፣ ጥር 14፣ ዊልስደን

በራችን ፊት ያለችው ዊች ሄዝል የምትባል ዛፍ አበባ አወጣች። መንገዳችን ጠባብ ስለሆነ ትልቅ ዛፍ አይችልም ብሎ የሰፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ የተከላት ትንሽ ዛፍ ናት። ሦስት ሰመር ሙሉ ውኃ ያጠጣኋት፣ ከሥሯ የሚበቅለውን እየቆረጥኩ በአንድ ግንድ ያቆምኳት ግን እኔ ነኝ።

ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ቅጠል የሌለው እንጨት ቢጫ ለብሶ አየሁት። አበባዋ እንደ ክር የቀጠነ ነው። በጭጋጉ ውስጥ ሕልም መስሎኝ ቆሜ ሳያት ባሱ አመለጠኝ። ሽታዋ ቀኑን ሙሉ ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

ከሥራ ስመለስ አንዱ ጎኗ ራቁቱን ቀርቷል። እማዬ ሳሎን መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፣ ጭኗ ላይ ሳህን ሙሉ ቢጫ ይዛ።

«የአንዷ ነጠላ ዛፉ ላይ ተይዞባት ጥለቱ ተተልትሎ ቀርቷል» አለችኝ። «እኔም ለቀምኩላት። ደግሞ ሽቶ ሽቶ ይላል።»

ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈትል ለኖረች ሴት ከክር ሌላ ምን ይመስላታል። ተናደድኩ። አበባ ነው እኮ ልላት አፌን ስከፍት፣ የእኔን ካፖርት እንደለበሰች አየሁ። ከአገር ቤት ከመጣች አምስት ወሯ ነው፤ እጇን ካልያዝኳት ከበር ወጥታ አታውቅም።

«የዚያኛውን ጎን ነገ እጨርሰዋለሁ» አለች።

ሳህኑን ተቀብያት አሸተትኩ። አበባ መሆኑን እስካሁን አልነገርኳትም። እዚህ ከመጣች ጀምሮ «ነገ» ስትል ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው።