ላስቲኩን አንሺው

ውድ ልጄ፣

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፣ ደረጃውን ሳልደገፍ እወጣለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ሦስት ቀን ቢፈጅብኝም ፊደል እየለቀምኩ በራሴ እጅ ጻፍኩት። ውድ ያልኩሽ፣ ደብዳቤ እንዲያ ነው የሚጀመረው ስላሉኝ ነው እንጂ ተቀይሜሻለሁ።

ቤትሽ መጥቼ፣ አማቶችሽ ተደርድረው ሳሉ፣ ልቀመጥ ስል "አባዬ፣ አንዴ ቆይ" ብለሽ ወንበሩ ላይ ላስቲክ አነጠፍሽ። ሳልቀመጥ ወጣሁ። በሳምንቱ ዳይፐር በካርቶን ላክሽልኝ። ለልጅሽ ሠርግ ደግሞ "የሁለት ሰዓት መንገድ አትችለውም፣ ቪዲዮውን ታያለህ" አልሽ። የልጅ ልጄን ሠርግ በቪዲዮ።

አንቺ ያልጠየቅሽውን የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጠየቀችኝ። ከተመረመርኩ በኋላ "አባባ፣ የሽንት ፊኛዎ ሳይሞላ ሞላሁ እያለ ነው" አለችኝ። ወዲያው ገባኝ። አውቶቡስ ስነዳ ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ "ሞልቷል፣ ሳበው" የሚል ረዳት ነበረኝ፤ ይህንኑ ነገርኳት።

"እሱን እየሰሙ ይነሱ ነበር?" አለችኝ።

"ዞሬ ሳላይ? የት አባቱ።"

"እንግዲያው ይሄንንም አይስሙት።"

አሁን ሲመጣብኝ አልሮጥም። ቁጭ ብዬ፣ ሽንቱን እንደሚያቋርጥ ሰው ከታች አጠብቃለሁ፣ እለቃለሁ፣ ደግሞ አጠብቃለሁ። ሲያልፍልኝ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ። ሻይ ቀንሻለሁ፤ ውሃ ግን ጭራሽ መተው ያባብሳል ብላኛለች። የሄድኩበትን ሰዓት ደብተር ላይ እጭራለሁ። በየአርባ ደቂቃው ነበር፤ ጥቂት ጥቂት እየጨመርኩ በሦስት ወር ሁለት ሰዓት ከሩብ ደርሻለሁ። ሁለቴ አምልጦኛል፤ አልዋሽሽም።

ሠርጉ ላይ እመጣለሁ። መንገድ ላይ ካልያዘልኝ ሾፌሩን "አቁምልኝ" እለዋለሁ፣ ሰው ፊት።

ይቺን ቃል ለመጻፍ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። ሰባት ዓመትሽ ነበር። ከኋላዬ ሆነሽ "አባዬ፣ አቁምልኝ" አልሽኝ፣ ሦስቴ። "ጣቢያ ሳልደርስ ለማንም አላቆምም" አልኩሽ። ከዚያ ሲያመልጥሽ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እያየ፣ ወንበርሽ ላይ ላስቲክ አነጠፍኩና መልሼ አስቀመጥኩሽ። ረስታዋለች ብዬ ነበር።

ዕዳዬን ማንም አይከፍልልኝም። ካርቶኑን ራሴ ተሸክሜ እመልስልሻለሁ። አማቶችሽን ጥያቸው ስለወጣሁ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። የአውቶቡሱን ደግሞ አንቺን፣ በአፌ፣ እነሱ እየሰሙ።

እስከዚያ እንደተቀየምኩሽ ነኝ። ላስቲኩን አንሺና ጠብቂኝ።

አባትሽ፣ ሾፌሩ