ሦስት ማዳበሪያ ስልክ በማኅተም ስለ መሸኘቱ

ለተከበሩ አቶ ብርሃነ መስቀል
የበረሳ ማዶ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጸጥታና ደህንነት ዳይሬክተር
ደብረ ብርሃን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የሰሞኑ ውርጭ ለማንም አልራራምና፣ ስለ እኛ ደህንነት ሌት ተቀን በሚያስበው ጭንቅላትዎ ብርድ እንዳይገባ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት በማዋስ ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩ ጥሩዬ ኃይለኢየሱስ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ የዋናው በር ጥበቃ አቶ ወርቅአገኘሁ የፊታችን ሐሙስ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንደሚቀርቡና ከሥራ እንዲሰናበቱ ሐሳብ እንደቀረበባቸው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስላነበብኩ ነው።

በቅድሚያ ባለፈው ወር «ንብረቴን ራሴ እጠብቃለሁ» በሚል ርእስ ያዘጋጁልንን የወንጀል መከላከል ሥልጠና ሳላመሰግን ባልፍ ሆዴ አይችልም። ተማሪውም ሠራተኛውም ጥበቃውም አንድ ሳይቀር እንዲገኝ ማዘዝዎ እንዴት ያለ አርቆ አስተዋይነት ነው! አዳራሹ መግቢያ ላይ አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ ትሁት ጎልማሳ ቆሞ፣ ሥልጠናው እንዳይረበሽ ስልካችንን አጥፍተን እንድናስረክበው ይለምነን ነበር። ስልኩን እየተቀበለ ማዳበሪያ ውስጥ ይጨምራል፤ በምትኩ የቁጥር ወረቀት ይሰጣል። ማን እንደላከው የጠየቀ የለም፤ ሥልጠና ባለበት አስተባባሪ እንደማይጠፋ ሁላችንም እናውቃለንና። እርስዎም አርአያ ለመሆን ከሁሉ ቀድመው ስልክዎን ሲያስረክቡ ሞቅ አድርገን አጨበጨብን። የእኔ ቁጥር ሰማንያ ሰባት ነው፤ ስልኩ ባይኖርም ወረቀቱ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል።

ከዚያ አሠልጣኙ ስልክን ለማያውቁት ሰው መስጠት ስለሚያስከትለው አደጋ ለሁለት ሰዓት አብራሩልን። አጠገቤ የነበረችው የአራተኛ ዓመት ተማሪ ሰላም «ስልክዎን ለማያውቁት ሰው አይስጡ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ጽፋ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ለመመረቂያ ጽሑፏ መዘዞ ድረስ ሄዳ ከገበሬዎች የቀዳችው ቃለ መጠይቅ በሙሉ በዚያ ሰዓት ማዳበሪያ ውስጥ ነበር።

አሁን በአቶ ወርቅአገኘሁ ላይ ያቀረቧቸውን ክሶች በተመለከተ ያልገቡኝን ነጥቦች፣ የእኔ አለማወቅ መሆኑን አስቀድሜ በማመን፣ በትሕትና እዘረዝራለሁ።

፩ኛ፦ «በሥልጠናው ላይ ባለመገኘት» ተከሰዋል። እውነት ነው፣ አልተገኙም። በሩን ለማን ትቼ ብለው ቀሩ። በዚያን ቀን በግቢው ውስጥ በር ይጠብቅ የነበረ ብቸኛ ጥበቃ በመሆናቸው ሥርዓቱን እንዳዛቡ እረዳለሁ።

፪ኛ፦ «የኮሌጁን እንግዳ በር ላይ አስቁሞ በማንገላታት» ተከሰዋል። ይህም እውነት ነው። ያ ትሁት ጎልማሳ ሦስት ማዳበሪያ በጋሪ አስጭኖ ሲወጣ፣ የንብረት መውጫ ወረቀት ካላመጣህ አታልፍም አሉት። ለማጣራት ወደ እርስዎ ደወሉ፤ ነገር ግን ስልክዎ ጠፍቶ እዚያው እግራቸው ሥር ማዳበሪያ ውስጥ ተኝቶ ስለነበር ሊያገኙዎት አልቻሉም። እንግዳው ተመልሶ አዳራሽ ገባና መጉላላቱን ነገረዎት። እርስዎም ሥልጠናውን አቋርጠው በሁላችን ፊት ስለ ጥበቃው ስድነት ይቅርታ ጠየቁት፤ «ሦስት ማዳበሪያ የሥልጠና ቁሳቁስ ይለፍ» ብለው በእጅዎ ጽፈው ማኅተም አሳረፉለት፤ ባዶ እጁን እንዳይሄድም የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ሰጡት። ስሙን ራሱ እንዲሞላው ክፍት ስለተተወለት ፖሊስ እስከ ዛሬ የሚፈልገውን ሰው ስም አላወቀም።

፫ኛ፦ «ሦስት ማዳበሪያ ስልክ እያዩ በማሳለፍ» ተከሰዋል። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ማስተዋሌ አጠረኝ። ለምን አስቆምክ የሚለውና ለምን አሳለፍክ የሚለው ክስ በአንድ ገጽ፣ በአንድ ፊርማ፣ በዚያው ማኅተም ነው የተጻፈው። ማኅተሙ ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

በዚህ አጋጣሚ ስልክ የተሰረቀብን ሁሉ የምርመራውን ውጤት በቴሌግራም እንድንከታተል በለጠፉት ማስታወቂያ ልባችን መነካቱን ሳልገልጽ አላልፍም።

አቶ ወርቅአገኘሁን በቅርብ የሚያውቋቸው አይመስለኝም። ከወለጋ ከሞቀ እርሻቸው ተፈናቅለው የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ከባለቤታቸውና ከአምስት ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩት ከተማው ዳር ባለው መጠለያ ነው። ይህን ሥራ ካጡ ሰባቱም እንደገና የእርዳታ ስንዴ ጠባቂ ይሆናሉ። የታገዱ ዕለት መለዮአቸውን አጣጥፈው ሲያስረክቡ አይቻለሁ፤ የይለፍ ወረቀቱ ላይ ያለው ማኅተም እውነተኛ ነው ወይ ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ። እውነተኛ ነው ስላቸው አንገታቸውን ደፉ። እኔ ግን ተናደድኩ፤ እስካሁንም ንዴቴ አልበረደልኝም።

ስለዚህ ክሱን አንስተው ወደ በራቸው እንዲመልሷቸው፣ ካልሆነም ሐሙስ ዕለት ከጎናቸው ወንበር አስጨምረው ማኅተሙን ያሳረፈውንም እጅ እንዲያስቀርቡ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ለሌባው ያሳዩት ርኅራኄ ለጥበቃውም እንዲተርፍ በመጸለይ፣ ለማይነጥፈው ንቃትዎ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳዎ፣

ጥሩዬ ኃይለኢየሱስ
ባለ ቁጥር ሰማንያ ሰባት

ማስታወሻ፦ አቶ ወርቅአገኘሁ ከታገዱ ወዲህ በሩ ላይ ሰው የለም፤ የቀሩት ጥበቃዎች ሁለተኛው ዙር ሥልጠና ላይ ናቸው። ይህንኑ ለማረጋገጥ ትናንት በምሳ ሰዓት ባለጎማውን የቆዳ ወንበርዎን ከቢሮዎ አውጥቼ እየገፋሁ በዋናው በር ወጥቻለሁ። ሁለት ባልደረቦችዎ ደረጃውን እንዳወርደው አግዘውኛል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ወንበሩ አሁን ጠባሴ ሰፈር እቤቴ በክብር ተቀምጧል፤ ሐሙስ ዕለት ልመልሰው ዝግጁ ነኝ። የማስረክበው ግን በሩ ላይ ቆመው ከየት አመጣሽው ብለው ለሚያፋጥጡኝ ለአቶ ወርቅአገኘሁ ብቻ ነው።