ሰማያዊ መሆን ያቃተው የኢስሊ ቻርት ጉዳይ

ለክቡር አቶ ወንዳፍራሽ
የድርጅታችን የቀጣናው ጽሕፈት ቤት የመረጃ ክፍል ኃላፊ
ዌስትላንድስ፣ ናይሮቢ

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ከመንገድ መጨናነቅ፣ ከአምስተኛ ፎቅዎ የማቀዝቀዣ ብርድና እንደ እኔ ካሉ ነዝናዞች ሁሉ ፈጣሪ ይጠብቅዎ። እኛ በናይሮቢው ኢስሊ ሰፈር ለስደተኛ እናቶች አማርኛ ማንበብና መጻፍ የምናስተምር ሠራተኞችዎ፣ ከአንድ ቻርት በቀር ደህና ነን።

ማንኛውም ቻርት ክፍልዎ በሠራው ማክሮ በተባለ የኮምፒውተር ትእዛዝ ሰማያዊ ተቀብቶ ካልተስተካከለ ለቦርዱ እንዳይቀርብ በሰርኩላር አዘዋል። ቦርዱ ዓርብ የሚሰበሰበው ደግሞ የትኛው ትምህርት እንደሚዘጋ ለመወሰን ነው፤ ቻርት ያላቀረበ እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የሚከተለውን አመለክታለሁ።

1. ማክሮውን ባስነሣሁ ቁጥር «ሰንጠረዥ የሚባል ሉህ አልተገኘም» ብሎ ይቆማል። ሉሁ ግን «ሠንጠረዥ» ተብሎ አፍንጫው ሥር ተገትሯል፤ ከዚህ በላይ አፍ አውጥቶ አለሁ እንዲል አይጠበቅበትም።

2. በመጀመሪያው ሳምንት ባለሙያዎ አቶ ሱፍዋን በስዋሂሊ «ፖሌ ሳና»፣ አይዞሽ፣ ብለው ካጽናኑኝ በኋላ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ እንዳበራ አዘዙኝ። በሁለተኛው ሳምንትም በሁለት ማታቱ ተሳፍሬ ቢሮዎ ድረስ ብመጣ፣ አጥፍቼ እንዳበራ መከሩኝ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ቢሆንም፣ ለምክሩ ወጥነት ከልብ አመሰግናለሁ።

3. በሦስተኛው ሳምንት ስህተቱ የተጠቃሚዋ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ከጀማሪዎች ሥልጠና መጥሪያ ጋር ደረሰኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሪፖርት ስሠራ ለኖርኩት ለእኔ ይህን ስላሰቡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ደሜም ፈልቷል።

4. ችግሩ ባለፈው ማክሰኞ ተገኘ። ላፕቶፔን ክፍል ውስጥ ከፍቼ ስብከነከን፣ ጥር ላይ ሲመዘገቡ በጣት አሻራ የፈረሙት ተማሪያችን ወይዘሮ ኩለሱም በትከሻዬ በኩል ፊደል በፊደል አነበቡና፣ ሉሁ የተጻፈው በንጉሡ ሠ፣ መልእክቱ ግን በእሳቱ ሰ መሆኑን ነገሩኝ። ሉሁ ያለበትን ቅጽም ማክሮውንም ያዘጋጀው ክፍልዎ ነው። ለጆሯችን አንድ የሆነው ድምፅ ለማሽኑ ሁለት ፊደል መሆኑን፣ ከዘጠኝ ባለሙያዎችዎ አንዱም አላየውም።

5. ሉሁ በእናንተ የይለፍ ቃል ስለተቆለፈ አንዲት ፊደል ቀይሩልን ብዬ ብለምን፣ የፊደል ለውጥ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ዕቅድ እንደሚታይ ተነገረኝ። አርቆ አሳቢነት ይሏል ይህ ነው።

ክቡርነትዎ፣ ዓርብ ሊዘጋ የተዘጋጀው፣ ስህተትዎን ማንበብ የቻለች ሴት ያፈራው ክፍል ነው። ሠላሳ አራት እናቶች ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ምን ብዬ እንደምመልሳቸው አላውቅም።

የክቡርነትዎን መልካም ፈቃድና አንዲት ፊደል ደጅ የምትጠና፣
ታዛዥዎ ምሥራቅ ቶሎሳ
ኢስሊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወይዘሮ ኩለሱም ክፍሉ ከተዘጋ ከሰኞ ጀምሮ ጊዜ እንደሚኖራቸው ገልጸው፣ ባልደረቦችዎን ከሀ ሁ ጀምረው ለማስተማር ፈቃደኛ መሆናቸውን እንዳሳውቅ ጠይቀውኛል። ለእርስዎ የፊት ወንበር ይይዙልዎታል።